ኑርዬን የገደለው ኦፔራ

ሐይቅ ከተማ፣ መንገዱ ከዋናው አስፋልት ወደ ውሃው በሚታጠፍበት ቦታ፣ ዑምኩልሱም የምትባል ሴት አለች። አሳውን በዘይት ትጠብሳለች፣ ሰውን በነገር። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ሊበላ የተቀመጠ ሰው ሎሚውን ጨምቆ ሳይጨርስ ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ስሙም እሱን ቀድሞ ውጫሌ ይገባል። አንዱን ልብስ ሰፊ «ነገ ና» ማለት ስለሚያበዛ «ሸህ ነጌ» አለችው፤ አሁን ሚስቱም የምትጠራው እንደዚያ ነው። ሰው ግን አይቀየማትም። እሷ ዘንድ ያልተሰደበ ሰው ራሱን እንደ እንግዳ ይቆጥራል።

የተወለደችው አምባሰል ተራራ ግርጌ ነው። ድምፅ ተሰጥቷታል። ገና ልጅ ሳለች እሷ ሰርግ ቤት ከገባች ትልልቆቹ ሴቶች ከበሮውን ወደ እሷ ይገፉታል። አባቷ «አላህ ይህን ድምፅ የሰጠሽ መንዙማ እንድትይበት ነበር፤ አንቺ የሰው ማሽሟጠጫ አደረግሽው» እያሉ ይቆጧታል። ቁጣቸው ግን አይዘልቅም፤ ትንሽ ቆይተው «እስቲ ያቺን ግጥም ድገሚያት» ይላሉ። አንድ ጊዜ የሙሽራውን ዘመዶች በግጥም አሞገሰቻቸው። አጨበጨቡላት፣ ሸለሟት፣ መርቀዋት ሄዱ። ወጡ ውስጥ ሥጋ አልነበረም ማለቷ የገባቸው ዳገቱን ወጥተው ቤታቸው ከደረሱ በኋላ ነው።

ቤተሰቡ በኋላ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረደ። እዚያ ጎረቤታቸው እመት ሐቢባ ነበሩ፤ ባላቸው በጊዜ የሞተባቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ሴት። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ኑርዬ። ኑርዬ ደግሞ የእናቱ ተቃራኒ፣ ረጅምና ዝምተኛ። ዑምኩልሱምን ይወዳታል። እሷ በግጥም ስትሰድበው እየወደደችው መሆኑን ያወቀ ከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ የወጣቱ ሁሉ ሐሳብ ሳውዲ ነው። ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ተማማሉ። መንገዱ የታወቀ ነው፤ በባቲ ወርዶ የአፋርን በረሃ ማቋረጥ፣ ከዚያ ኦቦክ ከሚባለው ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ቀሪው በእግር። ደላላው ጎህ ሳይቀድ አይሱዙ መኪና ከከተማው መውጫ ላይ አቆመ። ዑምኩልሱም ፌስታሏን ይዛ ተገኘች። ሌሎቹም ተገኙ። ኑርዬ የለም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«ትንሽ ጠብቀው፤ እየመጣ ነው» አለች።

ደግሞ ነፋ። የከተማው ውሻ ሁሉ ተነስቶ ጮኸ፤ ኑርዬ አልመጣም። መኪናው ሄደ።

ጠዋት ሰው ኑርዬን ከደጁ ቆሞ ሲያገኘው «ምነው ቀረህ?» አለው። «እንቅልፍ ወሰደኝ» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ዑምኩልሱም ጅዳ ደረሰች። የሰው ቤት ጠረገች፣ የሰው ልብስ ተኮሰች፣ የሰው ልጅ አሳደገች። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ሳውዲ ወረቀት የሌለውን ሁሉ አፍሳ ስትመልስ እሷም ከተመላሾቹ ጋር መጣች። መናኸሪያ ሊቀበላት የወጣው ሰው እንደምታለቅስ እርግጠኛ ስለነበር የነጠላውን ጫፍ ዓይኑ ሥር አዘጋጅቷል። እሷ ከአውቶብሱ ወረደች፣ ሻንጣዋን መሬት ላይ አኖረች፣ ሰዉን ዙሪያውን አየችና፦

«ኑርዬ ነቃ ወይ?» አለች።

ለቅሶው ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ የኑርዬ ስም «እንቅልፌ» ሆኖ ቀረ። ሰውየው አሳ አጥማጅ ነው፤ ወፍ ሳይንጫጫ ሐይቁ መሐል መረቡን ዘርግቶ ይገኛል። ምን ዋጋ አለው! ሽማግሌ ልኮ ሴት ባስጠየቀ ቁጥር የልጅቱ ቤተሰብ «ለኒካው ይነቃል?» ይላል፤ ሽማግሌዎቹም አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው እየሳቁ ይመለሳሉ። ኑርዬ ይህን ሁሉ ችሎ፣ ያጠመደውን አሳ በየጠዋቱ የሚያስረክበው ለማን ነው? ለዑምኩልሱም።

«ደህና አደርሽ?» ይላታል።

«ደህና ማደርማ ያንተ ነው» ትለዋለች።

እሷም ከጅዳ ከተመለሰች በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ባል አግብታ ነበር። አልሰነበተችም። «ያኛው ደግሞ ጭራሽ አይተኛም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይጨቃጨቃል» ብላ ተመለሰች።

ስለ መጣችበት መንገድ ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። «ባሕሩን እንዴት ተሻገርሽው?» ሲሏት «ጫማዬን አውልቄ» ትላለች። «በረሃውንስ?» «ጃንጥላ ይዤ።» ወላጆቿም ከዚህ የተለየ አልሰሙም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ከተማው ውስጥ አንድ ወሬ ገባ። ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተው ኦፔራ ሊሠሩ ነው ተባለ። አብዛኛው ሰው የሰማው «ኦፕራሲዮን» ብሎ ነው። በማግሥቱ እንግዶቹ ባረፉበት አዳራሽ በር ላይ በሽተኛ ተሰልፎ ተገኘ። ከሁሉም ፊት ሸህ ሙሐመድሁሴን ነበሩ፤ የግራ ዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ቁርስ ሳይቀምሱ ነው የመጡት።

በሩን ከፍታ የወጣችው ፋና ናት፤ ኦፔራውን የደረሰችው የሙዚቃ ሴት። አዲስ አበባ ተወልዳ ውጭ አገር የተማረች፣ ነገሯ ሁሉ ከልብ የሆነ፣ ቶሎ የምታለቅስ ሰው ነበረች። ሰልፉን ስታይ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ነገሩ ሲገባት ሸህ ሙሐመድሁሴንን እጃቸውን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አባባ፣ እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የምንሠራው በዘፈን የሚነገር ትልቅ ቴአትር ነው፤ ስለ ስደት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም ነገር ይዘፈናል።»

«ጠብም ይዘፈናል?»

«አዎ፣ ይዘፈናል።»

«ውኃ አቀብለኝ ማለትም?»

«እሱም ይዘፈናል።»

ሸህ ሙሐመድሁሴን አሰብ አደረጉ። «በይ እንግዲህ፣ ዓይኔን ካላያችሁልኝ ድምፄን ስሙልኝ» አሉ። በጉብዝናቸው ወራት መንዙማ አውጪ ነበሩ። በዚያው ቀን በኅብረት የሚዘፍነው ኳየር ውስጥ ተመዘገቡ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሥራው «ማዶ» ይባላል። ሙሉ ኦርኬስትራ አለው፤ ነፋሹ፣ መቺው፣ ክር የሚገዘግዘው ሁሉ። ዋናዎቹ ዘፋኞች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ኳየሩ ግን በአብዛኛው የሚሞላው ከአረብ አገር በተመለሱ የሐይቅና የአምባሰል ሰዎች ነው። መድረኩ ሐይቁ ዳር ይተከልና ሐይቁ ራሱ ባሕሩን ሆኖ ይጫወታል። መጀመሪያ እዚህ ይታያል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ፋናን የቸገራት አንድ ነገር ነበር። የሁለተኛው ክፍል ዋና ዘፈን ጎደላት። ለእሱ ስትል ተመላሾቹን አንድ በአንድ እያስጠራች ታናግር ጀመር። የገባው ሁሉ ያለቅሳል፤ ፋና ታለቅሳለች፤ መቅረጫውን የያዘው ሰውዬም ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። የዑምኩልሱም ተራ ደረሰ።

«እህቴ፣ ስለ ባሕሩ ንገሪኝ» አለቻት ፋና።

«ጨው በዝቶበታል።»

«ማለቴ፣ ያዘንሽበትን፣ ያነባሽበትን...»

«እኔ የምሸጠው አሳ ነው። እንባ ከፈለግሽ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ ከመንገዱ ወዲያ ናቸው።»

መቅረጫ ያዡ ሳቁን ዋጠ። ፋናም ሳቀች፤ ግን በቀላሉ የምትተው ሴት አልነበረችም። ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «እሺ፣ ስለ ባሕሩ ይቅር። ጅዳ ሆነሽ፣ ቤቱ ውስጥ ለብቻሽ ስትሆኚ፣ ምን ትዘፍኚ ነበር?»

ዑምኩልሱም ለዚህ መልስ አላዘጋጀችም ነበር። ልብስ ስትተኩስ ሁልጊዜ የምትላት አንዲት ነገር ነበረች። ዓይኗን ጨፈነችና፣ በዚያ በአምባሰል ቅኝት፣ ዝግ አድርጋ አወጣቻት።

አብረን እንሻገር ብሎኝ በመሐላ፣
ተኝቶ ቀረብኝ የኔ ሸጋ ገላ።
ጥሩምባው ቢነፋ ቢጣራ ቢጣራ፣
አይሰማም አይነቃም የተኛበት ስፍራ።

የሐይቅ ሰው ይህን ቢሰማ ሆዱን ይዞ በሳቀ። ጥሩምባው የአይሱዙው ጥሩምባ ነው፤ እንቅልፉም የታወቀው የኑርዬ እንቅልፍ። ፋና ግን የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እሷ ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት። ተኝቶ የቀረ፣ ተጠርቶ የማይነቃ ሰውም ለእሷ አንድ ብቻ ነው። ቀና ስትል ጉንጮቿ ርሰዋል።

«ስሙ... ስሙ ማን ነበር?»

«ኑርዬ» አለች ዑምኩልሱም።

«ነፍሱን ይማረው።»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባ ነበር። ግን ሰይጣን ጆሮዋ ሥር ቁጭ ብሎ ነበርና ዑምኩልሱም አንገቷን ደፋ አድርጋ «አሚን። ምሕረትስ በጣም ያስፈልገዋል» አለች።

ሳምንታት አለፉ። ፋና አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ ወረቀት ሙሉ ኖታ ይዛ አሳ መጥበሻው ድረስ መጣች። «ዑምኩልሱም፣ ያንቺ ዘፈን የሁለተኛው ክፍል ልብ ሆኗል። ስህን የምትባል ትልቅ ዘፋኝ ናት የምትዘፍነው፤ ኳየሩ ከኋላዋ ሆኖ ይቀበላታል። በጀልባው ውስጥ፣ በሟቹ ራስጌ ተንበርክካ ነው የምትዘፍነው።»

የዑምኩልሱም እጅ ዘይቱ ላይ ቀጥ አለ። «ፋና፣ ያ ልጅ እኮ...»

«አውቃለሁ። አትንገሪኝ፤ ቁስልሽን አልነካካም» አለችና አቀፈቻት። በዘይት የተለወሰ ሽርጥ ላይ ተጣብቆ የሚያለቅስ ሰው እንዴት አድርገው እውነቱን ይነግሩታል? ዑምኩልሱም ዋጠችው።

እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። ግን ፋና እንባዋን ጠራርጋ አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ሟቹን ሆኖ የሚጋደም ሰው አጣሁ። ወጣቶቹ ይቁነጠነጣሉ፣ ይስቃሉ። ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መተኛት የሚችል ሰው ታውቂያለሽ?»

እስቲ ፍረዱ! ዑምኩልሱምን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ይጠይቃታል?

«አለ አንድ ሰው» አለች። «ለመተኛት እሱን የሚያህል በወሎ ምድር የለም።»

ከሰዓት በኋላ ኑርዬን ይዛ ሄደች። ፋና ስሙን ስትሰማ ደረቷን ያዘች። «ስማቸው አንድ ነው!»

«እዚህ አገር ኑርዬ ብዙ ነው» አለች ዑምኩልሱም።

ከመግባታቸው በፊት መንገድ ላይ ኑርዬ ጠይቋት ነበር። «ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?»

«ተኛ።»

«ከተማው በሙሉ እያየኝ?»

«አዎ።»

ቆም ብሎ አያት። «አንቺ የት ትሆኛለሽ?»

«ኳየሩ ውስጥ፣ ከኋላህ።»

«እሺ» አለ። እምቢ ይለኛል ብላ ነበር። እሺ ማለቱ ትንሽ ረበሻት፤ ቢሆንም አሳው እንዳያርርባት ቸኩላ ስለነበር ረሳችው።

ልምምዱ ሲካሄድ ኑርዬ ግጥሙን አልሰማም። ስህን የመጣችው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ድምፅዋን ለመቆጠብ ብላ ቃሉን ትታ «ላ... ላ... ላ» እያለች ነበር የምትለማመደው። የኳየሩ ተራም «አይነቃም» የምትለውን አንዲት ቃል ብቻ መቀበል ነው። ኳየሩ ውስጥ ያሉት ተመላሾች የማን እንቅልፍ እንደሆነ አልገመቱም ማለት አይቻልም፤ ሸህ ሙሐመድሁሴን ያቺን ቃል በተቀበሉ ቁጥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋና «አባባ ስሜቱ ውስጥ ገብተዋል» ትላለች።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከከተማው፣ ከገጠሩ፣ ከመርሳ መስመር ሳይቀር ሰው መጥቶ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ከእስጢፋኖስ ገዳም የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ከኋላ ቆመዋል። ከፊት ረድፍ እመት ሐቢባ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ ቴአትር ሊሠራ ነው» እያሉ ተቀምጠዋል። የሚሠራው ሬሳ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

አንደኛው ክፍል በደህና አለፈ። ስህን ድምፅዋን ወደ ላይ ስትሰቅለው ሐይቁ ላይ ያሉት ወፎች ብር ብለው ተነሱ፤ እመት ሐቢባም «ምን ነክቷት ነው ልጅቱ? ኧረ ውኃ አቀብሏት!» አሉ። ሰው ቀስ በቀስ ለመደው። ወደደውም። ወጣቶቹ ከቤታቸው ሲወጡ፣ እናቶቹ ከኋላ ሲጣሩ፣ ያለቀሰ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ገባ። ትልቁ ጀልባ መድረኩ ላይ ተጎትቶ መጣ። መሐሉ ላይ ኑርዬ እስከ አንገቱ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አሟሟቱ ያምራል። እመት ሐቢባ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ስህን በራስጌው ተንበረከከች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቃሉን ከነሙሉ ድምፅዋ ለቀቀችው።

«ተኝቶ ቀረብኝ...»

ሣሩ ላይ አንድ ሰው ሳለ። ሌላው ጎኑ ያለውን በክርኑ ጎሸመው።

«ጥሩምባው ቢነፋ...»

እዚህ ላይ የኦርኬስትራው ነፋሾች በሙሉ፣ ፋና እንደጻፈችላቸው፣ ባለ በሌለ ትንፋሻቸው ነፉ። የከተማው ውሻ ሁሉ ጮኸ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «እንቅልፌ ተነስ! አይሱዙው ሊሄድ ነው!» ብሎ ተጣራ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንኳን ኦርኬስትራ ነጎድጓድም አይሸፍነውም። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ሴቶች እርስ በርስ ተያይዘው ሳቁ። ሸህ ሙሐመድሁሴን ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ስህን ግን ጨዋ ባለሙያ ናትና ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ ዘፈነች። ፋና ሙዚቀኞቹን የምትመራበትን ዘንግ እንደያዘች ፊቷ አመድ መሰለ። ያለቀሰችበት፣ እንቅልፍ ያጣችበት ዘፈን፣ በአገሩ ሰው ፊት፣ መሳቂያ!

ዑምኩልሱም ከኳየሩ መሐል ሆና የፋናን ፊት አየች። ሰው ስትጠብስ ኖራ ያን ቀን ገና እሳቱ ለራሷ ደረሰ። ከመድረኩ ልትወርድ አንድ እግሯን አነሳች።

ያኔ ሬሳው ተነስቶ ቁጭ አለ።

ሳቁ ፀጥ አለ። ኑርዬ አቡጀዲውን ከላዩ ገፈፈ። ጸጉሩን በእጁ አስተካከለ። በዚያ ዝምተኛ አንገት ውስጥ እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ መኖሩን ያወቀ አልነበረም፤ በዚያው ቅኝት፣ ቀስ ብሎ መለሰ።

አልሞትኩም አልተኛሁ ቆሜ ነው ያደርኩት፣
መቀርቀሪያው በውጭ፣ እኔ በምን ልክፈት!

ኦርኬስትራው ውስጥ የነበረው ማሲንቆ መቺ ሳያስበው ተቀበለው። ኑርዬ ደገመው። ሁለተኛው ላይ ነገሩ ለሰዉ ገባ። በውጭ የተቀረቀረ በር። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ የነበረው ሰው አንድ ነው። ያ ሁሉ ዓይን አንድ ላይ ዞሮ የፊተኛው ረድፍ ላይ አረፈ።

እመት ሐቢባ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ምን ታዩኛላችሁ? አዎ፣ እኔ ነኝ የቀረቀርኩት! መቀርቀሪያው አይበቃም ብዬ ሙቀጫም አስደገፍኩበት። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። 'እማ ክፈችልኝ' ይላል፤ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ፋቲሃ እቀራለሁ። ይኸውና ልጄ! ገድላችሁ ብታጋድሙትም ተነስቶ ቁጭ አለላችሁ!»

እልልታው ቀለጠ። እመት ሐቢባ ግን አልጨረሱም። ጃንጥላቸውን ወደ ኳየሩ ቀሰሩ። «አንቺ ዑምኩልሱም! ስሚኝ! የአባትሽ ቤት ሰው ባይኖርበት ኖሮ ያንቺንም በር እቀረቅረው ነበር!»

ሰው ደግሞ ሊስቅ ሲል፣ ከእመት ሐቢባ አጠገብ የተቀመጡት እመት ሙጂባ፣ ሳይነሱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ምነው ለእኔም ነግረሽኝ ቢሆን፣ ሐቢባ» አሉ።

የእመት ሙጂባ ልጅ ማህዲን የማያውቅ አልነበረም። በዚያው አይሱዙ ሄዶ ነበር፤ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልመጣም። እመት ሐቢባ ቁጭ አሉና የእመት ሙጂባን እጅ ያዙ።

ፋና ምን ታድርግ? ማቆም ትችል ነበር። ዘንጓን ወደ ላይ አነሳችና ኳየሩን አየችው። ኳየሩ ገባ። ለወራት «አሳዝኑት፣ አሳዝኑት» ስትላቸው እምቢ ያላቸው ዜማ ያን ቀን ሳይታዘዝ መጣ። ዑምኩልሱም አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣላትም። እስከ መጨረሻው ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ ቆየች።

ሰዉ ተበትኖ ወንበሩ ሲሰበሰብ ፋና መጣች። ተቆጥታለች።

«ዋሸሽኝ።»

«አልዋሸሁሽም» አለች ዑምኩልሱም። «ለብቻሽ ስትሆኚ ምን ትዘፍኚ ነበር አልሽኝ። ይህንኑ ነበር። በየቀኑ፣ ስተኩስ። ሌላ ዘፈን አልነበረኝም።»

«ታዲያ ሰውየው በሕይወት እያለ እኔ ነፍሱን ይማረው ስል 'አሚን' ያልሽውስ?»

«እሱ... እሱ ጥፋት ነው። አፉ በይኝ።»

ፋና ልትቆጣ ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን እምቢ አላት። ሳቋ ሲቆም «አፉ ብያለሁ። ቅጣት ግን አለብሽ» አለች። «የኑርዬን መልስ ኦፔራው ውስጥ አስገባዋለሁ። የእናትየዋንም። አዲስ አበባ ላይ እመት ሐቢባን ሆነሽ የምትጫወቺው አንቺ ነሽ።»

ይህ ወሬ እመት ሐቢባ ጆሮ ለመድረስ አላመሸም። በማግሥቱ አሳ መጥበሻው ድረስ መጥተው ልምምድ ማስያዝ ጀመሩ። «በሩን እንደዚያ አትወርውሪው! ቀስ፣ ቀስ፣ ልጁ እንዳይሰማ። ሙቀጫውን ደግሞ በጀርባሽ ነው የምትገፊው። እስቲ እንደገና!» ደንበኞች አሳቸው እየቀዘቀዘ ያያሉ። እሳቸው በዚያው ሰበብ የልጅቱን ወገብ፣ ክንድ፣ ጥርስ ሁሉ መርምረው ከጨረሱ በኋላ «ሽማግሌ ልልክብሽ ነው፤ እንዳትሰድቢያቸው» ብለው ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ዑምኩልሱም አንድ ቀን ማለዳ ወደ ውሃው ወረደች። ኑርዬ ጀልባውን እየገፋ ነበር። ሳትጠይቅ ገብታ ተቀመጠች። ቀዘፈ። ከዳርቻው ራቅ ሲሉ፦

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ይህን ሁሉ ዓመት ስሰድብህ።»

«ምን ልበል? እናቴ ቆልፋብኝ ልበል? ከዚያ እንቅልፋም መባል ይሻላል። ደግሞ ከተማው እሷን ይይዛት ነበር።» ትንሽ ቀዘፈ። «ብነግርሽስ መስደቡን ትተዪው አልነበር?»

የመረቡን ጫፍ አቀበለችው።

ኑርዬ መረቡን መዘርጋት ጀመረ። እሷም እሱን ሳታይ፣ ውሃውን እያየች፣ ከአይሱዙው ጀምራ ነገረችው። በረሃውን፣ ኦቦክን፣ ጀልባውን፣ የማህዲን የመጨረሻ ቀን። አንድም ቀልድ አልገባበትም። እሱ መረቡን እንደያዘ ሰማት፤ አንዴ ብቻ «ውሃው እንደዚህ ነው?» አላት።

«ይሄማ ሳህን ነው» አለችው።

ስትጨርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ዳር ላይ አሳ ፈላጊዎች ተሰብስበው እጃቸውን እያወናጨፉ ይጣራሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሸህ ሙሐመድሁሴን ድምፅ ነው፤ ኦፔራው ከለመደባቸው ወዲህ ርሃባቸውንም በዜማ ነው የሚናገሩት። ዑምኩልሱም ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ጀልባው ላይ ቆማ በዜማ መለሰችላቸው፤ ምን እንዳለቻቸው እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ኑርዬ ሳቁን መቻል አቅቶት መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ለቀቀው፤ ጎንበስ ብለው በእጃቸው እየቀዘፉ ወደ ዳር ተመለሱ።